ኢንቨርተር ብየዳ ቤት ውስጥ፦ ኤሌክትሮዱ ይጣበቃል፣ ብሬከሩ ይወርዳል። ማሽኑ ነው ወይስ መስመሩ?

የግቢ_በር

ሰላም ለሁላችሁ። ባህር ዳር ነኝ። የግቢ በርና የመስኮት ፍርግርግ በራሴ እጅ ልሥራ ብዬ ያገለገለ ኢንቨርተር ብየዳ ማሽን ገዛሁ። ፊቱ ላይ 250 አምፔር ይላል። ሻጩ እዚያው ሱቁ በር ላይ ጭሮ አሳየኝ። ምንም እንከን አላየሁበትም።

ቤት ስገባ ሌላ ማሽን ሆነብኝ። 2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ፣ ዓይነቱ 6013 ነው፣ ገና ስጭረው ይጣበቃል። አምፔሩን ስጨምር ትንሽ ይነሳና ይጠፋል። 3.2 ስይዝ ደግሞ መጀመሪያ እየጎተተ ይሄዳል፣ ትንሽ ቆይቶ ብሬከሩ ይወርዳል። አንዳንዴማ ምንም ሳልነካ፣ ማሽኑን ገና ሳበራው ቷ ብሎ ይወርዳል። ቢጫዋ መብራትም አልፎ አልፎ ትበራለች።

ቤቱ ሲንግል ፌዝ ነው። ከሳሎን ሶኬት በኤክስቴንሽን ወደ ግቢ አውጥቼ ነው የምሠራው። ብሬከሩ 16 ነው። ሰፈር ውስጥ ጠየቅኩ። አንዱ "ካርዱ (ውስጡ ያለው ኤሌክትሮኒክስ) ተቃጥሏል፣ አምጣልኝ" አለ። ሌላው "ብሬከሩን በ32 ቀይረውና ገላገል" አለ። እናንተስ?

ጥቅልል_ይሻላል

ልጄ፣ ምክሬን ከሰማህ እሱን ሽጠህ ትራንስፎርመር ግዛ። እኔ በወጣትነቴ የበየድኩበት ማሽን ዛሬም ይሠራል። መዳብ ጥቅልልና ብረት ነው፣ ሌላ የሚበላሽ ነገር የለውም። ኢንቨርተር የምትሉት ውስጡን ብታየው ሬዲዮ ነው። አጠገቡ በፍሌክስ ብረት ቁረጥና እየው። ማራገቢያው የብረቱን ዱቄት ስቦ ያስገባና በሳምንቱ ይሞታል።

ፌዝና_ኒውትራል

ጋሼ፣ የዱቄቱ ነገር እውነት ነው። ኢንቨርተር ያለው ሰው ፍሌክሱን ከማሽኑ ራቅ አድርጎ መቁረጥ አለበት። ግን በዚህ መስመር ላይ ትራንስፎርመር ቢሰካ የባሰ ነው የሚሆነው፣ ምክንያቱን ሌላ ሰው ካልቀደመኝ እመለስበታለሁ።

@የግቢ_በር፣ ለጊዜው ሁለቱንም አትመን። ማሽኑ ሱቁ ላይ ሠርቷል። ቤትህ እምቢ አለ። በመሃል የተለወጠው መብራቱ ነው። ስለዚህ አንዲት ብሎን ሳትፈታ መስመሩን እንለካ።

የኤክስቴንሽኑን ርዝመት ንገረኝ። ላስቲኩ ላይ የተጻፈውንም አንብብ፣ 3 በ0.75 ወይም 3 በ1.5 የሚል ነገር ይኖራል፣ ሦስት ሽቦ ሆኖ የእያንዳንዱ ውፍረት በካሬ ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ብሬከሩ ላይ ከ16 በፊት ያለው ፊደል ቢ ነው ሲ? ከዚያ መልቲሜትር ተውሰህም ቢሆን አንድ ሰው እየበየደ አንተ ቮልቴጅ ለካ። ሥራ ሳይኖር የሚለካ ቮልቴጅ አታላይ ነው። የተበላሸ ሽቦም ቢሆን ጭነት ከሌለበት 220 ያሳይሃል።

ሦስት ቦታ እፈልጋለሁ። ማሽኑ የተሰካበት ጫፍ፣ የግድግዳው ሶኬት፣ ብሬከሮቹ ያሉበት ቦርድ። ቦርድ መክፈት ካልለመድክ አትክፈት። ከሌላ ብሬከር የሚመጣና ምንም ያልተሰካበት ሶኬት ፈልግና እሱ ላይ ለካ። ጭነት ስለሌለበት የሚያሳይህ የቦርዱን ቮልቴጅ ነው።

ቶሎ_ጨርስ

ይሄን ሁሉ ምን ያስለካል? 32 ብሬከር ገዝቶ መግጠም ነው። እኔ እንደዚያ አድርጌ ስንት በር ሠርቻለሁ። አንድም ቀን ወርዶብኝ አያውቅም።

ፌዝና_ኒውትራል

አለመውረዱ ነው እኔን የሚያስፈራኝ። ብሬከር ማሽኑን አይጠብቅም። የሚጠብቀው ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው። የቤት ሶኬት ብዙ ጊዜ በ1.5 ወይም በ2.5 ሽቦ ነው የሚሠራው። በ1.5 ሽቦ ላይ 32 ብሬከር ከገጠምክ 25 እና 30 አምፔር ሲያልፍ ብሬከሩ ምንም አይመስለውም። ሽቦው ግን ይግላል። ላስቲኩ ቀስ እያለ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ አንድ ቀን ፌዝና ኒውትራል ይገናኛሉ። የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚሸት ሶኬት ካለህ ወንድሜ፣ ዛሬውኑ ንቀልና ሽቦውን እይ።

የግቢ_በር

ለካሁ። ጎረቤቴ እየበየደ እኔ ያዝኩ። አምፔሩን 75 ላይ፣ ኤሌክትሮዱ 2.5።

ሥራ ሳይኖር ሁሉም ቦታ 218 ነው። ሲበየድ ግን፦
ቦርዱ (ከኩሽናው ሶኬት የለካሁት) 207
የሳሎን ሶኬት 190
ማሽኑ ጋ፣ የኤክስቴንሽኑ ጫፍ 170

ኤክስቴንሽኑ 25 ሜትር ነው፣ 3 በ0.75 ይላል። ብሬከሩ ቢ 16 ነው። ከቦርዱ እስከ ሳሎን ሶኬት ሽቦው 15 ሜትር ገደማ ይሆናል፣ 1.5 ነው።

የብየዳ_መምህርት

እንዲህ አድርጎ ለክቶ የሚመጣ ሰው ደስ ይላል። ቴክኒክና ሙያ ላይ ብየዳ አስተምራለሁ፣ ተማሪዎቼን የማሠራት ሒሳብ ይሄው ነው።

መጀመሪያ ማሽኑ ከመስመሩ ስንት አምፔር እንደሚስብ እንይ። በኤሌክትሮድ ብየዳ የአርኩ ቮልቴጅ በግምት 20 ሲደመር የአምፔሩ 0.04 እጅ ነው። በ75 አምፔር 23 ቮልት ይሆናል። 23 በ75 ሲባዛ 1,725 ዋት። ኢንቨርተሩ ራሱ የሚያባክነውና ርካሽ ማሽኖች ላይ ያለው ዝቅተኛ ፓወር ፋክተር (ከሚሳበው አምፔር ለሥራ የሚውለው ድርሻ) ሲጨመርበት ወደ 2.9 ኪሎ ቮልት አምፔር ይደርሳል። ሙሉ 220 ቢያገኝ 13 አምፔር ይበቃው ነበር። 170 ቮልት ላይ ግን ያንኑ ሥራ ለመሥራት 17 አምፔር ይስባል።

ኢንቨርተር ላይ ብዙ ሰው የማያየው ነገር ይሄ ነው። ቮልቴጁ ሲወርድበት አምፔር ይጨምራል። አምፔሩ ሲጨምር ሽቦው ላይ የሚጠፋው ቮልቴጅ ይጨምራል። ቮልቴጁ እንደገና ይወርዳል። መጨረሻ ላይ ማሽኑ አቅቶት ቢጫዋን ያበራል። ቢጫዋ በሙቀት ብቻ አይደለም የምትበራው፣ ብዙ ማሽኖች ላይ መብራቱ ከመጠን ሲያንስም ትበራለች።

አሁን ሽቦውን እንይ። የመዳብ ሽቦ በአንድ ሜትር ያለው መቋቋም 0.0175 ለውፍረቱ ሲካፈል ነው፣ ሄዶ መመለሻውን አትርሱ። ኤክስቴንሽኑ 50 ሜትር መዳብ ነው፣ 1.17 ኦም። በ17 አምፔር 20 ቮልት ይበላል። የለካኸውም ልክ 20 ነው፣ ከ190 ወደ 170። ስለዚህ ኤክስቴንሽኑ አልተበላሸም፣ ቀጭን ነው እንጂ።

ከቦርዱ እስከ ሳሎን ግን 30 ሜትር ባለ 1.5 ሽቦ 0.35 ኦም ነው። 6 ቮልት መብላት ነበረበት። አንተ ግን 17 ነው ያጣኸው። 11 ቮልት የት ገባ? 11 በ17 ሲባዛ ወደ 190 ዋት ሙቀት አንድ ቦታ ላይ እየነደደ ነው ማለት ነው። ስካቶላ (ሽቦዎች የሚገናኙበት የግድግዳ ሣጥን) ውስጥ ያለ መገጣጠሚያ ወይም ሶኬቱ ራሱ ነው። እስኪታይ ድረስ በዚያ መስመር አትበይድ፣ ሌላ ትልቅ ዕቃም አትሰካበት።

ፌዝና_ኒውትራል

መምህርት ጨርሳዋለች። እኔ ብሬከሩን ልጨምር።

ብሬከር የሚወርድበት ሰዓት ምክንያቱን ይናገራል። 3.2 ስትበይድ ቆይቶ የወረደው በጭነት ነው። በ110 አምፔር ስትሠራ በዚያ በወረደ ቮልቴጅ ላይ ከ25 አምፔር በላይ ትስባለህ፣ 16 ብሬከር ደግሞ ይሄን ለትንሽ ጊዜ ይታገሣል እንጂ አያሳልፍም። ሥራውን በትክክል ነው የሠራው።

ገና ስታበራው የሚወርደው ሌላ ነው። ኢንቨርተር ውስጥ ትልልቅ ካፓሲተሮች አሉ። ስታበራው ባዶ ናቸው፣ በቅጽበት ብዙ አምፔር ይጎትታሉ። ቢ ብሬከር ከመጠኑ ከ3 እስከ 5 እጥፍ ሲደርስ ወዲያው ይወርዳል። ሲ ብሬከር ከ5 እስከ 10 እጥፍ ድረስ ይታገሣል። ስለዚህ ያው 16 ሆኖ ቢ የነበረውን ሲ ማድረግ ሽቦውን ከልክ በላይ አያስጭነውም። 16ቱን 32 ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን አታምታቱ።

ደግሞ አጥፍተህ ወዲያው አታብራ። የመነሻውን አምፔር የሚገታው ትንሽ ሬዚስተር እስኪቀዘቅዝ ጥቂት ቆይ። ቀዝቅዞም፣ ሲ ብሬከር ላይም፣ ባበራኸው ቁጥር ከወረደ ያኔ ማሽኑን እንጠረጥራለን።

ጥቅልል_ይሻላል

እና ትራንስፎርመሩ ለምን ይብሳል አላችሁ? አልመለሳችሁልኝም።

የብየዳ_መምህርት

ይቅርታ ጋሼ፣ እርስዎን ማስቆየት አልነበረብንም። ትራንስፎርመር ላይ ሒሳቡ ቀላል ነው። ኤሌክትሮዱ ሳይነካ ጫፉ ላይ 55 ቮልት ካለ፣ ማሽኑ 220ን ለ4 ነው የከፈለው። ስለዚህ ወደ ኤሌክትሮዱ 100 አምፔር ሲሄድ ከግድግዳው 25 አምፔር ይመጣል። አርኩ ላይ የሚቃጠለው 24 ቮልት ብቻ ቢሆንም መስመሩ ሙሉውን ይሸከማል። ኢንቨርተሩ ያንኑ 100 አምፔር ደህና መብራት ካገኘ በ18 ገደማ ይሠራዋል። ጥቅልሉ ጠንካራ ነው ያሉት ትክክል ነው። ቤት ውስጥ መስመር ላይ ግን ይከብዳል።

ጥቅልል_ይሻላል

እሺ፣ ይሄን ተቀብያለሁ። ድሮ ስንበይድ የጎረቤት መብራት ይደበዝዝ የነበረው ለካ ለዚህ ነው። ሰው ይሳደብ ነበር።

ቨርጂኒያ_ጋራዥ

እኔ አሜሪካ ጋራዥ ውስጥ ነው የምሠራው። እዚህ ለብየዳ ለብቻው 240 ቮልት መስመር ይሳባል፣ ባለ 50 አምፔር ሶኬት። ለአርክ ብየዳ ማሽን ብቻ በተሳበ መስመር ላይ ሽቦው ከብሬከሩ መጠን ቀጠን እንዲል የኤሌክትሪክ ኮዱ ይፈቅዳል፣ ማሽኑ እያረፈ ነው የሚሠራው ተብሎ። ለምን እሱም እንደዚያ አያደርግም?

ሌላ ጥያቄም አለኝ። ለወንድሜ ከዚህ ማሽን ልልክለት ነው፣ ጎንደር ነው ያለው። ይሠራለታል?

ፌዝና_ኒውትራል

ያ ፈቃድ የሚሠራው መስመሩ ላይ ሌላ ምንም ዕቃ እንደማይሰካ ሲረጋገጥ ነው። እኛ ጋ ግቢ ውስጥ ትልቅ ሶኬት ከተገኘ ነገ ምጣድ፣ ከነገ ወዲያ የውሃ ፓምፕ ይሰካበታል። ስለዚህ እኔ ሽቦውን ሙሉ ለሙሉ ከብሬከሩ ጋር አመሳስላለሁ። ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሽቦ በ25 ብሬከር፣ ባለ 6 ሽቦ በ32።

ስለ ማሽኑ፣ ኢንቨርተር ከሆነና ታርጋው ላይ 50/60 ኸርዝ ከ120 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ላክለት፣ ያለ ችግር ይሠራል። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር ከሆነ ግን ተወው። እዚህ 50 ኸርዝ ነው፣ ቮልቴጁ ከ240 ወደ 220 ቢወርድም እንኳን ብረት ልቡ ላይ 10 በመቶ ያህል ተጨማሪ ጫና ይመጣል። ይጮሃል፣ ይግላል።

ስፒናውን ሲቀይር ይጠንቀቅ። የአሜሪካው ባለ 50 ስፒና ሁለት ፌዝና አንድ ኧርዝ ነው ያለው፣ ኒውትራል የለውም። እዚህ ሁለቱ ትልልቆቹ አንዱ ከፌዝ፣ አንዱ ከኒውትራል ይገናኛሉ። አረንጓዴዋ ወደ ኧርዝ ብቻ ነው የምትሄደው። አረንጓዴዋን ኒውትራል ላይ ያሰረ ሰው የማሽኑን ቆዳ ኤሌክትሪክ አለበሰው ማለት ነው።

ቶሎ_ጨርስ

ብዙ ቤት ግን ኧርዝ የለም እኮ። ኒውትራል ላይ ማሰር የተለመደ ነው።

ፌዝና_ኒውትራል

የተለመደ ነው፣ ሰው የሚገድልም ነው። ፖሉ ላይ ወይም ቆጣሪው ጋ ኒውትራል አንድ ቀን ቢላቀቅ የማሽኑ ብረት ሁሉ 220 ይሆናል። ማሽኑ መብራት የጠፋበት ይመስላል፣ አይሠራም። አንተ ምን ሆኖ ነው ብለህ ትነካዋለህ።

ኧርዝ ከሌለ የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ይቀበራል፣ ከቦርዱ ኧርዝ ጋር ይታሰራል፣ መቋቋሙም ይለካል። ከዚያ ላይ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ የፍሳሽ መከላከያ (ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ወጥቶ ሲፈስ መብራቱን የሚያጠፋ) ይገጠማል። ዘንጉ ብቻውን አይበቃም። መሬቱ ደረቅ ከሆነ በዘንጉ የሚያልፈው አምፔር ብሬከር ለማውረድ ያንሳል። ሰው የሚያድነው የፍሳሽ መከላከያው ነው።

ሻርጃ_ወርክሾፕ

ከኤሚሬትስ ነው። ኧርዝና ማሳ የሚቀላቅል ሰው ብዙ ስለማይ አንድ ነገር ልበል። ከማሽኑ የሚወጣው የማሳ ገመድ ሌላ ነው፣ የቤቱ ኧርዝ ሌላ ነው። ማሳው የሚበየደው ብረት ላይ፣ ለሚበየደው ቦታ ቅርብ ሆኖ ይቆንጠጥ። የግቢው አጥር ላይ፣ የቤቱ ፌሮ ላይ፣ የውሃ ቧንቧ ላይ አይሁን። የብየዳው አምፔር መመለሻ ሲያጣ የፍሌክሱን ኧርዝ ሽቦ ይዞ ይመለሳል፣ ያ ቀጭን ሽቦ ይነዳል።

መቆንጠጫው የሚነክሰው ቦታ ቀለምና ዝገቱ ይፈተግ። ትንሽ በይዳችሁ ማሽኑን አጥፉና መቆንጠጫውን በእጃችሁ ዳብሱት። ከገመዱ ይልቅ እሱ ከጋለ አልነከሰም።

እዚህ በበጋ ላብ ነው ችግራችን። ጓንቱ ይረጥባል፣ ልብሱ ይረጥባል። ኤሌክትሮድ በእርጥብ እጅ ስትቀይር ከ60 እስከ 90 ቮልት ነው የምትነካው፣ አይናቅም። ባህር ዳር በክረምት ዝናብ ያው ነው። ደረቅ ጣውላ ላይ ቁም። አንዳንድ ማሽን ሥራ ሲቆም የሆልደሩን (የኤሌክትሮድ መያዣውን) ቮልቴጅ ራሱ ዝቅ የሚያደርግ ቁልፍ አለው፣ ካለህ አብራው።

የግቢ_በር

ኤሌክትሪሺያን አስመጣሁ። መምህርት፣ 11 ቮልቱ ተገኘ። ኮሪደሩ ላይ ያለ ስካቶላ ውስጥ ነው። ሁለቱ ሽቦዎች ተጠምዝዘው በናስትሮ (በላስቲክ ፕላስተር) ብቻ ተጠቅልለዋል። ናስትሮው ከሰል ሆኗል፣ መዳቡ ጠቁሯል። ቆርጦ በሞርሴቶ (በብሎን በሚጠብቅ የሽቦ ማያያዣ) አሰረው። አሁን ያው መስመር ላይ ከቦርድ እስከ ሶኬት የሚጠፋው 6 ቮልት ሆነ።

አዲስ መስመር ወደ ግቢ እስኪሳብ ግን መሥራት እፈልጋለሁ። የምጣዱ ሶኬት ለብቻው ብሬከር አለው፣ 25 ነው፣ ሽቦውም ባለ 4 ነው አለኝ። በሱ ልጠቀም?

ፌዝና_ኒውትራል

ጥሩ ሐሳብ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ነው የሚስበው፣ ማለትም ከ14 እስከ 18 አምፔር። ያንን ለረጅም ሰዓት የቻለ መስመር ለ2.5 ኤሌክትሮድ ይበቃል፣ ለ3.2 ለአጭር ለአጭር ጊዜም ይሆናል። ምጣዱ ተነቅሎ መሆን አለበት። ስፒናው ግን 16 አምፔር ከሆነ እያረፍክ እየዳበስከው ሥራ፣ ቀድሞ የሚግለው እሱ ነው።

ያቺን ባለ 0.75 ኤክስቴንሽን ለስልክ ቻርጀር ተዋት። 25 ሜትር ባለ 4 ገመድ ግዛ፣ ያው 17 አምፔር ቢያልፍ 4 ቮልት ባትሞላ ነው የሚበላው። ስትሠራ ሙሉ በሙሉ ዘርጋው፣ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ መሃሉ ላይ ሙቀቱ መውጫ አያገኝም። የኤክስቴንሽን ዋጋ ከከበደህ የማሽኑን መብራት ገመድ አታስረዝም፣ የሆልደሩንና የማሳውን ገመድ በወፍራሙ አስረዝምና ማሽኑን ሶኬቱ አጠገብ ተው።

ዘላቂው እንዲህ ይሁን። ከቦርዱ ባለ ሦስት ልብ፣ ባለ 6 ገመድ፣ ሲ 32 ብሬከር፣ የፍሳሽ መከላከያ፣ ግቢው ላይ ክዳን ያለው ሰማያዊ ኢንዱስትሪያል ሶኬት። ዋናው ብሬከርህና ቆጣሪህ ስንት እንደሚችሉ አስቀድመህ አረጋግጥ። ቆጣሪው ካልቻለ አቅም ለማሳደግ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ማመልከት ነው፣ ቆጣሪ ጋ በራስህ እጅ እንዳትነካ።

የግቢ_በር

ሌላ ነገር። 250 አምፔር የሚለው ማሽን በ16 ስፒና እንዴት ይሠራል?

የብየዳ_መምህርት

አይሠራም። 250 አምፔር በ30 ቮልት 7.5 ኪሎዋት ነው። በኪሳራውና በፓወር ፋክተሩ ላይ ስትጨምረው ከግድግዳው ከ55 አምፔር በላይ ይፈልጋል። ፊቱ ላይ የተቀባውን ቁጥር ተወው፣ ከጎኑ ወይም ከኋላው ያለውን ታርጋ አንብብ። እዚያ ላይ በመቶኛ የተጻፈ ቁጥር አለ። በ10 ደቂቃ ውስጥ ስንት ደቂቃ መበየድ እንደሚችል ነው የሚነግርህ። 60 በመቶ ማለት 6 ደቂቃ ሥራ፣ 4 ደቂቃ ዕረፍት ነው። ታርጋ ጭራሽ ከሌለው ፊቱ ላይ ያለውን ግማሽ አድርገህ አስብ፣ የኔ ልማድ ነው።

ለበርና ለፍርግርግ ግን ከ120 በላይ አትፈልግም። ስለዚህ አትናደድ።

ቶሎ_ጨርስ

ያገለገለ ስለሆነ ከፍቶ በብሩሽ ማጽዳት አይሻልም?

የብየዳ_መምህርት

ማጽዳቱ ይጠቅማል፣ አከፋፈቱ ነው ችግሩ። ከስፒና ከነቀልከው በኋላም ካፓሲተሮቹ ላይ እስከ 310 ቮልት ዲሲ ሊቆይ ይችላል። ነቅሎ ማቆየት ያስፈልጋል፣ ከዚያ ከፍቶ በመልቲሜትር ለክቶ ባዶ መሆኑን ማየት። በካቻቢቴ አገናኝቶ ማፈንዳት የሚባለውን ተዉት፣ ብልጭታው ዓይን ውስጥ ይገባል። መለካት የማይችል ሰው ሳይከፍት በማናፈሻው ቀዳዳ ደረቅ አየር ይንፋበት፣ ያው ይረዳል።

የግቢ_በር

በምጣዱ መስመር ሞከርኩ። ሲበየድ ማሽኑ ጋ 201 አለ። 2.5 እንደ ሰው ይነሳል! ብሬከሩም ወደ ሲ ተቀይሮልኛል። አሁን ችግሬ ሌላ ነው፣ ቱቦላሬውን (ክፍት ውስጥ ያለውን የበሩን ብረት) ይበሳዋል። 1.5 ሚሊ ነው።

ጥቅልል_ይሻላል

አሁን የኔ ቤት መጣህ። ሆልደሩን ከፕላስ ነቅለህ ማይነስ ላይ አድርገው፣ ማሳውን ፕላስ ላይ። የ6013 ፓኬት ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ይፈቅዳል፣ ለስስ ብረት ማይነሱ ይሻላል። አምፔሩን 60 አካባቢ አውርድ። 2.0 ኤሌክትሮድ ካገኘህ 45 እስከ 50 ይበቃዋል። ስስ ብረት ላይ ወንዝ አታፍስስ፣ ነጥብ ነጥብ አድርግና ቀይ ቀለሙ ሲጠፋ ቀጥል። ክፍተት ካለ ኤሌክትሮድ አትሙላበት፣ ብረቱን አስተካክለህ ቁረጠው። ከላይ ወደ ታች እየሳብክ ብትበይድም ለስሱ ይቀላል።

በሩን ከመጨረስህ በፊት በነጥብ ብቻ አሲዘው። ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሁለቱም አቅጣጫ ለካ። እኩል ካልሆነ በሩ ጠማማ ነው፣ ያኔ በመዶሻ ይስተካከላል። ሁሉንም ከበየድክ በኋላ ግን አይስተካከልም። ሲበየድ ደግሞ አንዱን ማዕዘን ጨርሰህ አትሂድ፣ ተሻገርና ተቃራኒውን በይድ።

ሻርጃ_ወርክሾፕ

ጋሼ እንዳሉት። ቱቦላሬው ጋልቫናይዝድ ከሆነ ነጩን ሽፋን ከመበየድህ በፊት በፍሌክስ አንሳው፣ ነፋስ ያለበት ሥራ፣ ጭሱን በፊትህ አትቀበል። የዚንኩ ጭስ ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል። "ወተት ጠጣበት" ይሉሃል። ወተት ሆድ ነው የሚገባው፣ ጭሱ ሳንባ ነው የገባው።

ማስኩን ሳታወርድ አትጫር። ዓይን የሚመታው ያኔ አይሰማም፣ ስድስት ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ ሌሊት ላይ ነው አሸዋ የተበተነበት የሚመስለው። ጥሬ ድንች ጨምቀው የሚጨምሩ አሉ። አታድርጉ፣ ቆሻሻ ማስገባት ነው። ዓይን ሐኪም ጋ ሂዱ። አጠገብ ቆመው የሚያዩ ልጆችንም አባር።

የግቢ_በር

ፓኬቱ ክረምቱን ተከፍቶ ነው የቆየው። ይፈነጥቃል፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ይሠራል። በምጣዱ ላይ ላድርቀው?

የብየዳ_መምህርት

6013 ወደ 100 ዲግሪ አካባቢ ለአንድ ሰዓት ቢደርቅ ይበቃዋል፣ በጣም ከፍ ባለ ሙቀት ካደረቅከው ሽፋኑ ራሱ ይበላሻል። ምጣድ ግን ሙቀቱ አይታወቅም፣ ደግሞ የኤሌክትሮድ ሽፋን ምግብ አይደለም። ምጣዱ ለእንጀራ ይቅር። አሮጌ የብረት ሣጥን ውስጥ አምፖል አብርተህ ዘግተህ አቆየው፣ ቢያንስ ዳግመኛ እርጥበት አይስብም። ፓኬቱ ርካሽ ነው፣ ዝገት ያየህበትን ጣለው።

የግቢ_በር

የመጨረሻ ጥያቄ። የበሩ ማጠፊያ ከባድ ነው የሚሸከመው። እሱ ላይ 7018 የሚባለውን ኤሌክትሮድ ተጠቀም ይላሉ፣ እውነት ነው?

ጥቅልል_ይሻላል

ለግቢ በር 6013 ይበቃል፣ በ3.2፣ 110 አካባቢ። 7018 ጠንካራ ነው፣ ግን እርጥበት ፈጽሞ አይወድም፣ ከተከፈተ ከ300 ዲግሪ በላይ ምድጃ ይፈልጋል፣ ለጀማሪም ሲቋረጥ መልሶ ማስነሳቱ ያስቸግራል። ይልቅ ማጠፊያው ውስጥ ያለውን ቅባት ጠርገህ ቀለሙን ፈትግ። ስትበይድ ሁለቱ አካላት እንዳይያያዙ ለያይተህ በይድ፣ ከዚያ ሲበርድ ግሪስ ቀብተህ ግጠመው። የቋሚው ቱቦላሬ 1.5 ከሆነ ደግሞ ማጠፊያው የሚያርፍበት ላይ 4 ሚሊ ላሜራ ቁራጭ በይድበት፣ ያለዚያ በሩ ራሱ ስሱን ብረት ገንጥሎ ይወርዳል።

የግቢ_በር

ላሜራው አለኝ ጋሼ። ቅዳሜ እበይደዋለሁ፣ ፎቶ እለጥፋለሁ።